ሁሉም ሰላም ይልሃል

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ እኛ ቀበሌ ሲደርስ ከባሌ ተፋትቼ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበር፤ ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ውሃው ከደጅ በሚታይበት መንደር። የመማሪያው ዳስ የተጣለው አጥራችን ጥግ ስለነበር ልቅር ብልም አልችልም ነበር። ሌሎቹ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው እየመጡ፣ እያወሩና እየተሳሳቁ ይማራሉ። እኔ አልስቅም። ጣቴ ላይ የጠመኔ አቧራ ሳይ አንድ ነገር ሰርቄ ማንም እንዳላየኝ ይሰማኝ ነበር። የምስክር ወረቀቴን ከተቀበልኩ በኋላም ከተማ ድረስ እየተመላለስኩ፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ቀጠልኩ።

በዚያ ዘመን ከዳሱም በላይ የማረከኝ ራዲዮ ነው። ገበሬ ማኅበሩ አንድ ራዲዮ ነበረው። ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ ዜና ሲደርስ ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ወሬውን ያዳምጣል። እኔ ዓረፍተ ነገሩን አዳምጥ ነበር። በእኛ አገር ሰው አንድ ነገር ሊናገር ሲነሳ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፣ ከብቱን ይጠይቃል፣ ዝናቡን ያነሳል፣ ዞሮ ዞሮ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ራዲዮው ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። ማን፣ የት፣ ምን አደረገ፤ አለቀ። አራት ነጥቡ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። ‹‹መናገር ማለት እንዲህ ነው›› እል ነበር በልቤ። ምላሴ ባይታዘዝልኝም እጄ ታዘዘልኝ፤ መጻፍ ስጀምር እንደ ራዲዮው ለመጻፍ እጣጣር ነበር።

ያን ጊዜ ከየቤቱ አንድ ሰው ሩቅ ነው። አንዱ ውትድርና፣ አንዱ አሰብ፣ አንዷ ጅዳ። ጽሕፈቴ የተስተካከለ ስለሆነ የመንደሩ ደብዳቤ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ከአስጻፊዎቼ መካከል ከአጥር ማዶ ያሉትን ጎረቤታችንን የሚስተካከል አልነበረም። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ያርሳሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በታንኳ ሐይቁ ላይ ወጥተው ዓሣ ያሰግራሉ። የበኩር ልጃቸው አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል፣ ይጭናል። ከአሰብ ወደ ሰሜን የሚወጡት መኪኖች በከተማችን ስለሚያልፉ፣ ሻይ ቤቱ ደጅ የሚያቆም አንድ ሹፌር ደብዳቤ ያመላልስላቸው ነበር።

እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ደብዳቤ ግን ያውቃሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አጠገቤ ይቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልጃቸው ፊታቸው የቆመ ይመስል ይጀምራሉ።

‹‹ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ የኔ ሸጋ። እኔ እናትህ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባትህ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል። እህትህ ከነልጆቿ፤ ልጆቹን በየስማቸው ጻፊያቸው። ከጉብታው በላይ ያለው አጎትህ። ጥርሷ የወለቀው አክስትህ። ጉድጓዱ አጠገብ ያሉት፣ ባልና ሚስቱም አማቲቱም። ቡሬዋ ላም ሰላም ትልሃለች።››

ላሟ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አቆማለሁ። ‹‹እትዬ፣ ላም እኮ ሰላም አትልም።››

‹‹አንቺን ምን አገባሽ? ከሷ ጋር ነው ያደገ። ጻፊ።››

ስጨርስ መልሼ አነብላቸዋለሁ። ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋሉ፤ የራሳቸው ጣት ሲያልቅ የኔን እጅ ስበው ከኔው ይቀጥላሉ። አንድ ሰው ከተዘለለ ‹‹ቆይ›› ይላሉ፤ ተሳስተው አያውቁም። ለዋናው ጉዳይ የሚተርፈው ከገጹ ግርጌ ያለ ሁለት መስመር ነው። እኔን ይህ ያንገበግበኝ ነበር። ከደብተር የተገነጠለች አንዲት ቅጠል፣ እሷኑ ሰላምታ በልቷት።

ማሽላው ባሸተ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ሹፌሩ ሊነሳ ነው ተብሎ እትዬ እያለከለኩ መጡ። ባለፈው ደብዳቤ ጋሼ ሳል እንደያዛቸው አስጽፈው ነበር፤ አሁን ድነዋል። ገና ‹‹ለጤናህ›› እንዳሉ በሬያቸው የሰው ማሽላ ውስጥ ገባ ተብለው ተጠሩ። ‹‹የቀረውን ታውቂው የለ፤ ጽፈሽ ለሹፌሩ ስጪልኝ›› ብለውኝ ሮጡ።

ባዶ ወረቀት ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጣት የሚያጥፍ ሰው አጠገቤ የለም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ‹‹ሁላችንም ደህና ነን። ሁሉም ሰላም ይልሃል። ቡሬዋ ላም ወለደች። አዝመራው መልካም ነው። ጤናህን ጠብቅ።›› ግማሹ ገጽ ነጭ ሆኖ ቀረ። አምሮኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ዕለት ዜና አንባቢው አጠገቤ ቢኖር ወስዶ የሚያነበው ይመስለኝ ነበር። አጥፌ ለሹፌሩ ሰጠሁት።

ሁለት ሳምንት ያህል ሆኖት ይሆናል። ፀሐይዋ ገና ከፍ ከማለቷ አንድ ሰው ከመኪና መንገዱ በኩል እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ‹‹አባቴን፣ አባቴን›› እያለ ሲመጣ ሰማን። የአሰቡ ልጅ ነው።

እትዬ ደጃቸው ላይ እህል ያበጥሩ ነበር። ልጃቸውን አዩ፣ እንባውን አዩ፣ የሚለውን ሰሙ። ባላቸው ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ላይ ወጥተዋል። ሌላ ምን ያስቡ? ሰፌዱን ጥለው ደረታቸውን መቱ። ልጁ የእናቱን ለቅሶ ሲያይ የጠረጠረው እርግጥ ሆነለት፤ እናትም የልጃቸውን ለቅሶ ሲያዩ የፈሩት እርግጥ ሆነላቸው። ሁለቱ እርስ በርስ መርዶ ተነጋገሩ። ጎረቤት ተጠራርቶ ግቢው ሞላ። ሁለት ጎልማሶች ወደ ውሃው ዳር ሮጡ። እኔም ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ፤ ጋሼን እወዳቸው ነበር።

ጎልማሶቹ የሄዱት በታችኛው መንገድ ነው። ጋሼ የመጡት በላይኛው። የለቅሶውን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው ኖሮ፣ በሸምበቆ የሰኩትን ዓሣ ከአጥር ውጪ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡና ከዳር የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ እኔን ጠየቁኝ።

‹‹ማን ነው?››

ምን ብዬ ልመልስ? ‹‹እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ›› አልኳቸው።

‹‹መቼ?›› አሉ።

አንዷ ሴት ዘወር ብላ አየቻቸውና ለቅሶዋን አቋረጠች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ግቢው ቀስ እያለ ጸጥ አለ። እትዬ ከተቀመጡበት ተነስተው ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩ።

‹‹አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?››

‹‹እስከ ቅድም ነበርኩ።››

ልጁ የአባቱን እጅ ይዞ ገልብጦ ገልብጦ አየ። ከዚያ ከኪሱ አንዲት ወረቀት አወጣ። ከሩቅ አወቅኳት።

‹‹ደብዳቤው ላይ የለህም›› አለ። ‹‹ባለፈው ሳል ይዞታል አላችሁኝ። አሁን ስምህ የለም። የማንም ስም የለም። እማዬ ስምህን ሳታስጠራ ደብዳቤ ልካ ታውቃለች? ‹ሁላችንም ደህና ነን› የሚባለው መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም?››

ሁሉም ያውቃል። በእኛ አገር መርዶ በደብዳቤ አይላክም። ሰው ሩቅ ሳለ የሞተበትን አይነግሩትም። ደህና ነን ይሉታል፤ የሟቹን ስም ብቻ ዝም ብለው ያልፉታል። የቀረው ሲመጣ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ። ስለዚህ ሩቅ ያለ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው የጎደለውን ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። እያወቅኩ፣ ራዲዮው የሰጠኝን ዓረፍተ ነገር ወድጄ ነው የረሳሁት።

‹‹አንብቢው›› አሉኝ እትዬ።

ያን ሁሉ ሰው ፊት የራሴን ደብዳቤ አነበብኩ። ‹‹ሁሉም ሰላም ይልሃል›› የሚለውን ፈጠን ብዬ አለፍኩት።

‹‹ሁሉም ማን ነው?›› አሉ እትዬ።

‹‹ሁላችሁም ናችሁ። ወረቀቱ እንዳይባክን ብዬ...››

‹‹እኔ ሁሉም የሚባል ልጅ አልወለድኩም። ሁሉም የሚባል ጎረቤትም የለኝ። ላሚቱን ግን ጽፈሻታል።››

‹‹ከዚህ ሁሉ ሰው የተረፈችው ላሚቱ ብቻ ናታ›› አሉ ጋሼ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ልጁ አልሳቀም። ሰው ሲበተን ነው የነገረን። ፈቃድ ሊጠይቅ የወደቡ ቢሮ ገብቶ ኖሯል። የቢሮው ሰው ማስረጃ አምጣ አለው፤ ደብዳቤዋን ሰጠው። ሰውየው አንብቦ፣ ‹‹እዚህ ላይ ደህና ነን ይላል። ደህና ከሆኑ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?›› አለ። እሱም፣ ‹‹ደህና ነን ስለሚል እኮ ነው›› ብሎ መለሰ። የቢሮው ሰው የተቀለደበት መሰለው። ‹‹ያለ ወረቀት ከሄድክ፣ ያለ ወረቀት ተመልሰህ እንዳትመጣ›› አለው። ልጁ ግን መጣ። ከቀን ሠራተኝነት ወጥቶ ቋሚ ለመሆን አራት ዓመት ጠብቋል፤ ገና መሆኑ ነበር። የእትዬም ቤት፣ የእህቱም ልጆች የሚኖሩት በሱ ነው። ይህን ሥራ በአምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ላስወጣው የደረስኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ለወደቡ ቢሮ ማስረጃ ለማስጻፍ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ማኅተማቸውን ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ።

‹‹የሞት ማስረጃ ጽፌ አውቃለሁ›› አሉ። ‹‹ላልሞተ ሰው ግን ጽፌ አላውቅም።››

‹‹ሰውየው ይኸው ቆሟል›› አሉ እትዬ።

‹‹መቆሙ እኮ ነው ያስቸገረኝ።››

ብዙ ከተወራ በኋላ፣ እውነቱ እንዳለ ከተጻፈ ማኅተም እንደሚመቱበት ተናገሩ። ማን ይጻፈው ሲባል የማኅበሩ ጸሐፊ እስክሪብቶውን አነሳ።

‹‹እሷ ትጻፈው›› አሉ እትዬ።

‹‹እማዬ›› አለ ልጁ፣ ‹‹እሷ እኮ ናት...››

‹‹ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ለልጅ የሚጻፍ ሌላ ነው፣ ለቢሮ የሚጻፍ ሌላ። የቢሮ ሰው ሰላምታችንን ምን ያደርግለታል? ለሱ እንደ ራዲዮኑ ነው። ያን ደግሞ ከሷ የሚበልጥ የለም።››

ፊደል የማይለዩ ሴት ናቸው። እኔ በስንት ዓመት ትምህርት ያላገኘሁትን፣ እያንዳንዱ ወረቀት የየራሱ ጆሮ እንዳለው፣ እሳቸው ቆመው እንደዋዛ ተናገሩት። ተቀምጬ ጻፍኩ። ሠራተኛው ለምን እንደመጣ፣ አባቱ በሕይወት እንዳሉ ጻፍኩ። ከዚያ፦ ‹‹ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንድጽፍ የሚጠበቅብኝን ስም አስቀርቻለሁ። በአካባቢያችን ልማድ ስሙ ያልተጠራ ሰው እንደሞተ ይቆጠራል። ሠራተኛው ደብዳቤውን በትክክል አንብቦታል። ስህተቱ የጸሐፊዋ ነው።›› ደብዳቤ ጸሐፊ ስሟን አታሰፍርም፤ የሰው አፍ ናት። በዚያ ቀን ግን ስሜን ከግርጌ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አንብበው ማኅተሙን እፍ ብለው መቱበት። ልጁ ሊቀመንበሩ የሰጡትን የይለፍ ወረቀትና ይህን ይዞ ተሳፈረ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃ ሆነ። እትዬ አልተቆጡኝም፤ አላስጻፉኝም እንጂ። ሌሎቹም አልመጡም። ቀኑ ሲመሽ ሰው ራዲዮ ሊያዳምጥ ሲሄድ፣ ቀድሞ ለዜና ብለው የማይወጡት እትዬ ከአሰብ ወሬ ቢኖር ብለው መምጣት ጀመሩ። ሣሩ ላይ ከጎኔ ይቀመጣሉ።

‹‹ሰፊው ሕዝብ የሚለው ማንን ነው?›› አሉኝ አንድ ቀን።

‹‹እኛን ነው።››

‹‹ከእኛ ማንን?››



ሌላ ቀን ራዲዮው ስብሰባ ላይ የተገኙትን ባለሥልጣናት ስም በተርታ ሲጠራ ጣታቸውን ሲያጥፉ አየሁ። ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ‹‹ያ ሁልጊዜ ሦስተኛ የሚጠራው ሰውዬ ዛሬ የለም።››

‹‹ረስተውት ይሆናል፣ እትዬ።››

‹‹ስም አይረሳም።››

ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ከሹመቱ መነሳቱ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ሣሩ ላይ ዜና የሚያዳምጠው ሰው ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ እጁን ጋቢው ውስጥ አድርጎ ጣት ያጥፍ ጀመር። አንድ ምሽት ሊቀመንበሩም መስኮቱ ላይ ተደግፈው ሲያጥፉ ዓይቻቸዋለሁ። ዓመታት ቆይቶ፣ ዝናቡ ቀርቶ በረሃብ ሰው ከየመንደሩ እየተነሳ መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ ራዲዮው ስለ በዓል ያወራ ነበር። ዜናው ሲያልቅ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። ‹‹ዛሬ የጎደልነው እኛ ነን›› አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዘመን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚያጥር አላገኘሁም። ራዲዮን ዛሬም እወዳለሁ፤ ዓረፍተ ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው። እንዴት እንደሚደመጥ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

የአሰቡ መልስ የመጣው ልጁ በሄደበት በዚያው ዓመት፣ ማሽላው ታጭዶ አውድማ ላይ ሳለ ነው። ሹፌሩ ከመንገድ ጥሩምባ ነፋ፤ እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው በቀጥታ ወደ አጥራችን መጡ።

‹‹ነይ አንብቢልኝ።››

ጋሼ ደጃፉ ላይ መረብ እየጠገኑ ነበር። ጎረቤቱም ወሬውን ሰምቶ ተሰብስቧል። ልጁ ማንበብ እንጂ መጻፍ ብዙም ስለማይሆንለት ጓደኛውን አስጽፎ ነው። የመጀመሪያው ሰላምታ ለአባቱ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ በእያንዳንዱ ላይ ጋሼ ‹‹አለሁ›› ይላሉ። ከዚያ እናት፣ እህት፣ የእህት ልጆች በየስማቸው፣ አጎት፣ ጥርሷ የወለቀው አክስት፣ ባልና ሚስቱ፣ አማቲቱ። ስሙ የተጠራ ሰው ሁሉ ‹‹ደህና ይግባ›› እያለ ይቀበላል። ደስ አለኝ። ቀድሞ የባከነ የሚመስለኝ ያ ሁሉ መስመር፣ ቤት ሙሉ ሰው አንድ በአንድ እያስነሳ ሲያስቆም አየሁት። ከገጹ ግርጌ ሁለት መስመር ተረፈች፦ ሥራው ላይ መልሰውታል፤ ማስጠንቀቂያ ጽፈውበት ወደ ጨው ጭነት አዛውረውታል፤ ጨው እጅ ይበላል፣ ግን ቋሚነቱ አልተነካም። እትዬ ‹‹አልሃምዱሊላህ›› ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ቡሬዋ ላምና ጥጃዋ በገጹ ጀርባ ቀጥለው ነበር። ከጥጃዋ በኋላ አንድ መስመር አለ። ዓይኔ አረፈበትና ዘለልኩት። ወረቀቱን አጥፌ መልሼ ሰጠኋቸው።

እትዬ አልተቀበሉኝም። አንድ ጣታቸው ሳይታጠፍ ቀጥ እንዳለ ነው።

‹‹አልጨረስሽም።››

‹‹ጨርሻለሁ፣ እትዬ።››

‹‹ልጄን አውቀዋለሁ፤ ማንንም አይዘልም። አንድ ሰው ጎድሎኛል።››

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ‹‹ለደብዳቤ ጸሐፊዋም ሰላም በሉልኝ›› ይላል፤ ከዚያ ስሜ ከነአባቴ ስም። አነበብኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

‹‹ደህና ይግባ በይ እንጂ›› አሉ ጋሼ ከመረባቸው ቀና ሳይሉ።

‹‹ደህና ይግባ›› አልኩ።

እትዬ የቀረችውን ጣት አጠፏት። ‹‹በይ፣ ወረቀት አምጪ›› አሉ። ‹‹አባቱን አስቀድሚ።››